ባንክ የማያየው ዕዳ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በጁምዓ ኹጥባ ላይ እምብዛም አይሰማም። ዳሩ ግን ሶላት ተሰግዶ ከመስጊድ ስንወጣ፣ ጫማችንን እያደረግን ከጎናችን ካለው ወንድማችን ጋር የምንጫወተው ስለዚሁ ነው። ይኸውም ለቤት መሥሪያ ወይም መግዣ ከባንክ ስለሚወሰድ ገንዘብ፣ ባንኩ ስለሚመዝነው ዕዳና ሳያየው ስለሚያልፈው ዕዳ ነው።

በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር አንድ ሙስሊም አባወራ ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ይነሱታል። አንደኛው ልጆቼን የት ላስተምር የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጆቼን የት ላሳድር የሚለው ነው። በጣና ገበያ ሱቅ ያለውም፣ በዩኒቨርሲቲው ወይም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደመወዝተኛ የሆነውም፣ ዐባይ ማዶ ተከራይቶ የሚኖረውም በዚህ ይመሳሰላሉ። ልጁ ቀለሙንም ቁርኣኑንም በሥነ ሥርዓት እንዲያገኝ ሲል የግል ትምህርት ቤት ያስገባዋል። በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ የልጆች አስተዳደግ ነገ አላህ ፊት የምንጠየቅበት አማና ነውና። እንዲሁም ከኪራይ ቤት ወጥቶ ከራሱ ጣሪያ ሥር መግባት ይመኛል። ይህም የተወደደ ምኞት ነው። ችግሩ ሁለቱ ምኞቶች ከአንድ ኪስ የሚከፈሉ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙትም በባንኩ የብድር ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው።

ባንክ ምን ይመዝናል?

ባንክ ለቤት ገንዘብ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚያየው መያዣውን ነው። በአገራችን የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመንግሥት ሆኗልና፣ ለመያዣ የሚቀርበው ቤቱና የይዞታው መብት ነው። ካርታ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል። ቀጥሎ ገቢ ይታያል። ደመወዝተኛው የደመወዝ ማስረጃ፣ ነጋዴው ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ክሊራንሱንና የባንክ እንቅስቃሴውን ያቀርባል። ሦስተኛው ነባር ዕዳ ነው። ባንኮች ተበዳሪው በሌላ ባንክ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት፣ ያለፈውን በወቅቱ ከፍሎ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በብሔራዊ ባንክ ከሚገኘው የብድር መረጃ ማዕከል ይጠይቃሉ። ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ የፈረመም ቢሆን፣ ያ ሰው ሳይከፍል ሲቀር ጣጣው ወደ እርሱ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ ይሠራል። ባንኮች የየራሳቸው መለኪያ ቢኖራቸውም የደመወዝ አንድ ሦስተኛ ብዙ ጊዜ እንደ ድንበር ይታያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ተደምረው በወር 30,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አንድ ሦስተኛው 10,000 ብር ነው። ከመሥሪያ ቤታቸው የቁጠባና ብድር ማኅበር ለወሰዱት ገንዘብ 3,000 ብር በየወሩ ይቆረጥባቸዋል። ስለዚህ ባንኩ 3,000ውን ቀንሶ፣ በወር 7,000 ብር መክፈል ይችላሉ ብሎ ይፈርምላቸዋል።

አሁን ደግሞ ባንኩ ያላየውን እንቁጠር። የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ 7,500 ብር ነው። የቤት ኪራይ 8,000 ብር ነው። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ቀድሞ ደርሷቸው በልተዋል፤ ስለሆነም ዙሩ እስኪያልቅ በየወሩ 2,000 ብር ይጥላሉ። ዕቁብ ቀድሞ የበላ ሰው ተበዳሪ መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። በሰፈሩ ሱቅ ደግሞ የ1,500 ብር ዱቤ አለ። እነዚህ ከ3,000 ብሩ ቁራጭ ጋር ሲደመሩ 22,000 ብር ይሆናሉ። ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለሕክምና የሚቀረው 8,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የባንኩ 7,000 ብር ሲነሳ ስንት ይቀራል? አንድ ሺህ ብር! ቤቱ ደግሞ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ኪራዩ አይቋረጥም። በዚያ ላይ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የግንባታ ዕቃ ወጪ ቀድሞ የተሰላበትን ሰነድ ብዙ ጊዜ ጥሎት ሄዷል።

እንግዲህ ባንኩ ተሳስቷልን? ባንኩ በፊቱ የቀረበለትን ወረቀት ነው ያሰላው። በሌሎች አገሮች ከዚህ የጠበቀ ምርመራ አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ አበዳሪዎች የቤት ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የተበዳሪውን ገቢ ብቻ ሳይሆን ወጪውንም መመርመር አለባቸው። የልጆች የግል ትምህርት ቤት ክፍያም ተቆጥሮ የሚፈቀደውን ገንዘብ ይቀንሳል። ይህ ጥብቅነት የመጣው በአሜሪካ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ሳይቀር በገፍ የተሰጠ የቤት ብድር እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ያናጋ ኪሳራ ካስከተለ በኋላ ነው። እኛ ግን ራሳችንን ለመመርመር የባንክ ደንብ እስኪጠብቅ የምንጠብቅ ሕዝብ አይደለንም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሰዎች ሒሳብ ሳይደረግባቸው በፊት ራሳቸውን እንዲተሳሰቡ ይመክሩ ነበር።

በሰው ፊት ያልተጻፈ ዕዳ

በባንክ ዘንድ ዕዳ ማለት በሰነድ የተመዘገበው ነው። በዲናችን ዘንድ ግን ተጻፈም አልተጻፈም ዕዳ ዕዳ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅም በሆነው አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው ላይ ያዘዘን ዕዳን እንድንጽፍና እንድናስመሰክር ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መሆኑ ሊያስደነግጠን ይገባል።

ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ አንድ ጀናዛ ቀረበ። ዕዳ አለበትን ብለው ጠየቁ። ሦስት ዲናር አለበት ተባሉ። የተወው ንብረት አለን ብለው ሲጠይቁም የለም ተባለ። ያኔ እርሳቸው ሳይሰግዱበት ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነገሯቸው። በዚህ ጊዜ አቡ ቀታዳህ (ረ.ዐ.) ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ብለው ተነሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰገዱበት። ልብ እንበል! ሦስት ዲናር ነው። ሟቹ ሌባ ወይም ወንበዴ ነበር አልተባለም። ሙስሊም ነው፤ ሰው ይሰግድበታል፤ ዳሩ ግን ዕዳው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላትና በእርሱ መካከል ቆመ። ከዚህም ዋስትና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንማራለን። አቡ ቀታዳህ ያን ቃል የተናገሩት ሊከፍሉ ነው። ዛሬ ግን ስንቶቻችን ነን በወንድማችን ይሉኝታ ተይዘን ወረቀቱን እንኳ ሳናነብ ዋስ ሆነን የምንፈርመው?

እስቲ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። ብዙ ወላጅ የባንክ ወር ሲደርስ ይጨነቃል፤ የትምህርት ቤቱን ግን «ይጠብቁኛል» ይላል። ለምን? ባንኩ ቤቱን ይሸጣል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ልጁን አንድ ቀን ቢመልሰው እንኳ አማላጅ ይላክበታል። የግል ትምህርት ቤት የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው ከዚያው ከወላጆች ክፍያ ነው። አንተ ሦስት ወር ስታዘገየው፣ ልጅህን ቁርኣን የሚያቀራው ኡስታዝና ሒሳብ የምታስተምረው መምህርት የራሳቸውን ኪራይ ያዘገያሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ማዘዛቸውን ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱ ደግሞ በደል መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በመምህር ላብ ላይ ግድግዳ ማቆም ምን ዓይነት ቤት መሥራት ነው?

ከዚህም የሚብስ አለ። የባንኩ ቅጽ «ሌላ ዕዳ አለብህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» ብሎ መጻፍ ነው። አንዳንዱም ገቢውን ከፍ አድርጎ የሚጽፍለት ወዳጅ ይፈልጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደሚጠበቁ ሲጠየቁ፣ ባለዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ መመለሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዕዳ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ምላስንም ያበላሻል ማለት ነው። እውነተኛ ነጋዴ የነበረ ሰው ስልክ ሲጠራበት ልጁን «የለም በል» የሚል ይሆናል። ልጁን በውድ ገንዘብ አስተምሮ፣ በገዛ ቤቱ ውሸትን በነፃ ያስተምረዋል!

ወለድ የሌለበት ሁሉ ቀሊል አይደለም

ወለድ ሐራም ለመሆኑ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረጃ መደርደር አያሻም። ሙስሊሙ ለብዙ ዘመን በዚሁ ምክንያት ከቤት ብድር ርቆ ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች በመስኮት ደረጃ ወለድ አልባ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ለዚህ ያበቃንን አላህን እናመሰግናለን። ለዓመታት ጥያቄውን ሳይሰለቹ ያቀረቡትንም አላህ ይመንዳቸው።

ዳሩ ግን አንድ አደገኛ አስተሳሰብ እየተስፋፋ ነው። ነገሩ ሐላል ከሆነ ቀላል ነው የሚል ነው። ሙራበሓ ማለት ባንኩ የምትፈልገውን ዕቃ ወይም ቤት ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮህ፣ በታወቀ ዋጋ በየወሩ እንድትከፍል የሚሸጥልህ ውል ነው። ይህ ሽያጭ ነው፤ ወለድ አይደለም። ዋጋው በአንዴ ስለተቆረጠ ብትዘገይም ባንኩ ለራሱ ጥቅም አይጨምርበትም። ነገር ግን ከፈረምክበት ቀን ጀምሮ ጠቅላላው ዋጋ በአንገትህ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ወለድ አልባው ባንክም ቢሆን ገቢህንና ነባር ዕዳህን ይመረምራል። መመርመሩም ተገቢ ነው፤ የሚያስተዳድረው የሌሎች ሙስሊሞችን አደራ ነውና።

ሕጉም አይለይም። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሠላሳ ቀን! ቤቱ የተሠራባቸው ዓመታት በአንድ ወር ይታጠፋሉ። አበው ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የዙበይር ዕዳ

«ታዲያ አንበደር ማለት ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ከታላላቆቹ ሶሓቦች መካከል ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ብዙ ዕዳ ነበረባቸው። ታሪካቸውን ቡኻሪ በዝርዝር ዘግበውታል። ሰዎች ገንዘብ በአደራ ሊያስቀምጡባቸው ሲመጡ፣ አይሆንም፣ ይልቅ ብድር ይሁንብኝ ይሉ ነበር። አደራ ሆኖ ቢጠፋ ባለቤቱ ይጎዳልና ኃላፊነቱን ወደ ራሳቸው አዞሩት። በጀመል ጦርነት ቀን እንደሚገደሉ በተሰማቸው ጊዜ ከሁሉ ያስጨነቃቸው ዕዳቸው ነበር። ልጃቸውን ዐብደላህን ጠርተው ንብረታቸውን ሸጦ እንዲከፍል አዘዙ፤ ከተቸገረም ከጌታቸው ከአላህ እርዳታ እንዲጠይቅ ነገሩት።

ዐብደላህ ሲያሰላው ዕዳው 2,200,000 ሆነ። ዙበይር በ170,000 ገዝተውት የነበረው አል-ጋባህ የተባለው መሬት በ1,600,000 ተሸጠ። ዕዳው ተከፈለ። ወራሾች ውርሳችንን አካፍለን ሲሉት ግን ዐብደላህ እሺ አላለም። በአራት ተከታታይ የሐጅ ወቅቶች በዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ እያለ አስነገረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያካፈለው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንወስዳለን። ዙበይር ከዕዳቸው በላይ የሆነ ንብረት ነበራቸው። ዕዳቸውን ከልጃቸው አልደበቁም። ልጃቸውም ከውርስ በፊት ዕዳን አስቀደመ። የእኛስ? ስንት ሚስት ናት ባሏ ከሞተ በኋላ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አበዳሪ ሲመጣ ዕዳውን የምትሰማው?

ካርታ የሌላቸው ወገኖቻችን

እስካሁን የተናገርነው ባንክ ደጃፍ መድረስ ለሚችለው ነው። ሊደርስ የማይችለውን ረስተን ብናልፍ ግን አላህ ይጠይቀናል። ከእኛው ከተማ በጣና ዳር ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን አሉ። ለትውልዶች ደንገል እየቆረጡ ታንኳ ሲሠሩ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ከተማው ወደ ሐይቁ በተጠጋ ቁጥር ግን ብዙዎቹ የይዞታ ማስረጃ ሳይኖራቸው ከቦታ ወደ ቦታ ተገፍተዋል። ካርታ የለምና መያዣ የለም፤ መያዣ የለምና ብድር የለም። በዚህ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ የዓሣ ማጥመጃቸውን አጣቧል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን የገጠመው ግጭት ደግሞ የነጋዴውንም፣ የጀልባ ባለቤቱንም፣ የመምህሩንም ገቢ ጎድቷል።

ስለዚህ ትላንት አስቦና አስልቶ ተበድሮ፣ ዛሬ ገቢው የተቋረጠበትን ወንድም አባካኝ ብለን አንፍረድበት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ አዟል፤ መማርም የተሻለ መሆኑን አስተምሯል። በሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱን ባለዕዳ አድርጎታል። ለመሆኑ ባለፈው ረመዷን ዘካችንን ስናወጣ ዕዳ ያጎበጠውን ጎረቤታችንን ያሰብን ስንቶቻችን ነን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ እጃቸውን ባሰፋላቸው ጊዜ ከፋይ ትቶ ያልሞተን ሙእሚን ዕዳ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። መስጊዶቻችንና ጀማዓዎቻችን የቀርዱል ሐሰን ሣጥን ቢያኖሩ፣ በመስከረም የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ያጣ ወላጅ ወለድ ወዳለበት ደጅ አይሄድም ነበር። ትምህርት ቤት የከፈቱ ወንድሞችም ክፍያ ሲጨምሩ ይህን አላህ ፊት የሚያስጠይቅ ነገር አድርገው ያስቡት።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ወደ ባንክ ከመሄድህ በፊት አንድ ወረቀት ወስደህ ከባለቤትህ ጋር ተቀመጥ። የባንኩን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን፣ የዕቁቡን፣ የዱቤውን፣ ከአጎትህ የወሰድከውንና ዋስ የሆንክበትን ጻፍ። ባንኩ የሚፈቅድልህን ሳይሆን ይህ ወረቀት የሚፈቅድልህን ተበደር።

ሁለተኛ፣ ትንሹንና የደካማውን ዕዳ አስቀድመህ ክፈል። ባንክ ማስታወሻ የሚልክልህ ሕግ አለው፤ ዱቤ የሰጠችህ ባልቴት ግን ዝም ብላ የምትጠብቅህ ናት።

ሦስተኛ፣ ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ላይ ካልቻልክ አንዱን አስቀድም። በሁለት ክፍል ቤት አድጎ በሐላል የተማረ ልጅ፣ በዕዳ ቪላ ውስጥ አባቱን ሳያይ ከሚያድግ ልጅ የሚሻል ነው። ልጅን መንግሥት ትምህርት ቤት ልኮ ማታ ቁርኣኑን በመድረሳ ማስቀራትም ውርደት አይደለም። በቤት ማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሂሳብ እየቆጠቡ መጠበቅም የዘገየ ቢመስል የሚያስተኛ መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ወለድ አልባ ውል ስትፈርም ጠይቅ። ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶታልን? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ብዘገይ የምቀጣው ገንዘብ የት ይገባል? ቀድሜ ብጨርስስ? ያልገባህን ውል የባንኩ ስም ብቻ ሐላል አያደርገውም።

አምስተኛ፣ ወስደህ ከሆነ ለመክፈል ነይት። የሰው ገንዘብ ሊመልስ አስቦ የወሰደን ሰው አላህ እንደሚከፍልለት፣ ሊያጠፋው አስቦ የወሰደውን ደግሞ አላህ እንደሚያጠፋው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። የመክፈል ኒያ ያለው ሰው ስልኩን አይዘጋም፤ ሄዶ ችግሩን ይናገራል፤ ካለው ላይ ጥቂትም ቢሆን ይሰጣል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሁላችንም የመጨረሻ ቤታችን አንድ ዓይነት ስፋት ያለው ነው። ለዚያ ቤት ካርታም፣ ደላላም፣ የብድር ክፍልም የለም። ወደዚያ ስንገባ ከጀናዛችን ፊት ቆሞ «ዕዳ አለበት ወይ?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ልጆቻችን አንገታቸውን ሳይደፉ «የለበትም» ብለው እንዲመልሱ የሚያደርግ ኑሮ እንኑር።

አላህ ሆይ! ዕዳ ያለባቸውን ዕዳቸውን ክፈልላቸው። ቤት ለሌላቸው በሐላል የሆነ መጠለያ ስጣቸው። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ አድርግልን። በሐላልህ ከሐራምህ አብቃቃን። ለአገራችንም ሰላም አውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።